በቀሚስ ሥር የተደበቀ ሕመም፦ ነፍሰ ጡር እናትና የእግር ደም ሥር ማበጥ

  

የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶች ከመስጊድ ሰው የማይጠበቅ ሊመስል ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ነፍሰ ጡር እናት እግር ነውና። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ወደ እኛ የሚመጣው በሶላት ጥያቄ በኩል ነው። ባል ይመጣና "ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ እግሯን እያመማት መቆም አቅቷታል፤ እንዴት ትስገድ?" ይላል። "ሐኪም አይቷታል ወይ?" ስንለው መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ "እርግዝና ነው፣ ስትገላገል ይተዋታል ተባለች" ይለናል፤ ወይም ደግሞ "ሐኪሙ ወንድ ስለሆነ እግሯን ማሳየት አፈረች" ይለናል።

የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለው። ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም፤ እውነት ያልሆነ ዕለት ደግሞ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሁለተኛው መልስ መታረም ያለበት ነው። ስለዚህ ይህ ሕመም ምን እንደሆነ፣ እቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግለትና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚያስሮጠው ምልክት የትኛው እንደሆነ እንመለከታለን። በመሐሉም ለሶላትና ለውዱእ የሚነሱትን ጥያቄዎች እንነካለን፣ ኢንሻአላህ።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ደም ከልብ ወጥቶ ወደ አካላት የሚሄድባቸው ሥሮች ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለስባቸው ደግሞ ደም መልስ ይባላሉ። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ መውጣት አለበት። አላህ ለዚህ ሁለት ነገሮችን አዘጋጅቷል። አንደኛው የባት ጡንቻ ነው፤ ስንራመድ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ሁለተኛው በደም መልስ ሥሮች ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ናቸው፤ ወደ ላይ ያለፈውን ደም ተመልሶ እንዳይወርድ ያግዱታል። ሥሩ ሲለጠጥ እነዚህ ክዳኖች በደንብ መግጠም ያቅታቸዋል። ያኔ ደሙ ወደ ታች ይመለስና ይጠራቀማል፤ ሥሩም ያብጣል፣ ይጠማዘዛል፣ በቆዳ ሥር ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ጎልቶ ይታያል። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬይን የሚሉት ይህንን ነው።

በእርግዝና ጊዜ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይመጣሉ። በመጀመሪያ፣ ለጽንሱ ሲባል በእናቲቱ ሰውነት የሚዘዋወረው ደም ከቀድሞው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሁለተኛ፣ በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የደም ሥሮችን ግድግዳ ያላላል። ሦስተኛ፣ እያደገ የሚሄደው ማህፀን ከእግር የሚመጣውን ደም የሚሸከመውን ትልቁን ደም መልስ ሥር ይጫነዋል። ብዙ ደም፣ የላላ ሥርና የተጫነ መንገድ በአንድ ላይ ሲገናኙ እግር ቢያብጥ አያስደንቅም።

እናቷ ወይም እህቷ ይህ ሕመም የነበረባት፣ ከዚህ በፊት የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ክብደቷ የበዛ፣ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ የሚያቆማት ወይም ከአንድ ቦታ ሳያነሳት የሚያውላት ሴት የበለጠ ትጋለጣለች። ምልክቶቹም የእግር መክበድ፣ ማቃጠል፣ ማሳከክ፣ ሌሊት ባት መያዝና ወደ ማታ የቁርጭምጭሚት ማበጥ ናቸው።

ይህ ማበጥ እግር ላይ ብቻ አይቆምም። በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚበዛው ኪንታሮት የዚሁ ዘመድ ነው፤ በፊንጢጣ አካባቢ ያሉ ደም መልስ ሥሮች አብጠው ነው የሚመጣው። በአንዳንድ እናቶች ደግሞ በብልት አካባቢ ያሉ ሥሮች ያብጣሉ። ይህን ያየች እናት ትደነግጣለች፣ ለማንም አትናገርም። በአብዛኛው ግን በተፈጥሮ መንገድ ከመውለድ እንደማያግዳትና ከወሊድ በኋላ እንደሚሟሽሽ ማወቅ ይገባታል። ለአዋላጇ ግን አስቀድማ ትንገር።

የእግሩም ቢሆን ከወሊድ በኋላ ባሉት ከ3 እስከ 4 ወራት ውስጥ በብዙዎች ላይ ይቀንሳል፤ አንዳንዴ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። በተከታታይ እርግዝና ግን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ቀዶ ሕክምናና ሥሩን የማድረቅ ሕክምና ካስፈለገም ከወሊድ በኋላ እንዲቆይ ይደረጋል።

እቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

1ኛ. እግርን ከፍ ማድረግ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል ጋደም ብሎ እግርን በትራስ ወይም በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ከልብ ከፍታ በላይ ማሳረፍ ነው። ከአምስተኛው ወር በኋላ ግን በጀርባ ተንጋልሎ ብዙ መቆየት ስለማይመከር ከቀኝ ወገቧ ሥር ትራስ አድርጋ ወደ ግራ ዘንበል ትበል።

2ኛ. በጎን መተኛት። ትልቁ ደም መልስ ሥር ከአከርካሪ በስተቀኝ ስለሚያልፍ በግራ ጎን መተኛት ጫናውን ያቀልለታል። አንዳንድ እህቶች "በቀኝ ጎን መተኛት ሱና ነው፤ በግራ ብተኛ ሱናውን መተው አይሆንብኝም?" ብለው ይጨነቃሉ። ሱናውን ወድዳ በቀኝ ጀምራ፣ ቆይታ ወደ ግራ ብትዞር ምንም ችግር የለውም። በጀርባ ከመተኛት ሁለቱም ጎን ይሻላል።

3ኛ. መንቀሳቀስ። በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ረጋ ብሎ መራመድ የባትን ጡንቻ ያሠራዋል። ተቀምጣ ሳለች የእግሯን ጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅስ፤ ቁርጭምጭሚቷን ታዙር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ በአውቶቡስ የምትጓዝ ነፍሰ ጡር ለረጅም ጊዜ እግሯን አጥፋ መቀመጥ የለባትም። መኪናው በቆመ ቁጥር ትውረድና ትራመድ፤ ውኃም ትጠጣ።

4ኛ. አቋምና አቀማመጥን ማስተካከል። እንጀራ የምትጋግረው ቆማ ከሆነ ወንበር ይቅረብላት። ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ጉልበትን አጥፎ ለረጅም ጊዜ ቡና ማፍላትም ከጉልበት በስተኋላ ያለውን ሥር ይጫነዋል፤ ከፍ ያለ መቀመጫ ይሁንላት፤ በየመሐሉም ትነሣ። እግርን አነባብሮ መቀመጥ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ ጉልበት ወይም ብሽሽት ላይ የሚያጠብቅ ላስቲክ ያለው ልብስ ይቅር።

5ኛ. የሆድ ድርቀትን መከላከል። በሽንት ቤት ማማጥ በእግርና በፊንጢጣ ሥሮች ላይ ያለውን ግፊት ይጨምራል። ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አጃ፣ ፍራፍሬና በቂ ውኃ ለዚህ ይረዳሉ።

6ኛ. የሕክምና ካልሲ። በመድኃኒት ቤቶች የሚሸጥ፣ ከቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ስቶኪንግ አለ። በባለሙያ ምክር፣ በእግር ልክ ተለክቶ ይገዛል፤ ጠዋት ይለበሳል፣ ማታ ሲተኙ ይወልቃል። በዚህ ፈንታ እግርን በሻሽ ወይም በላስቲክ ጠፍሮ ማሰር ደም ማገድ ስለሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ስለ ካልሲውና ስለ ውዱእ

ይህን ካልሲ እግር ሳያብጥ፣ ከአልጋ ሳይወረድ መልበስ ይመከራል። ታዲያ የሱብሒ ውዱእስ? ውዱእ አድርጋና ሰግዳ፣ ከዚያ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ እግሯን ከፍ አድርጋ ጋደም ትበልና ትልበሰው፤ እብጠቱ ይቀንስላታል። ውዱእ ኖሯት ስለለበሰችውም ወደሚቀጥለው ጥያቄ በመልካም ሁኔታ ትገባለች።

ጥያቄው በላዩ ላይ ማበስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። በኹፍ ላይ ማበስ አገሩ ላይ ላለ ሰው ለአንድ ቀንና ሌሊት የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው። በካልሲ ላይ ማበስን በተመለከተ ግን ዑለማዎች በካልሲው ውፍረትና በሌሎች መስፈርቶች ላይ የተለያየ አቋም አላቸው። ጣትን የማይሸፍንም አለና ካልሲውን ይዛ በመዝሀቧ የሚያውቅ ዓሊም ትጠይቅ። ማውለቁ የማይጎዳት ከሆነ አውልቃ ማጠብ ከክርክሩ ሁሉ ያወጣታል። በነገራችን ላይ ውዱእ ራሱ መልካም የምርመራ ጊዜ ነው። እግሯን በምታጥብበት ጊዜ ሁለቱን እግሮች ታስተያይ፦ አንዱ ከሌላው በልጦ አብጧል? ይሞቃል? ቀልቷል? የዚህን ጥቅም ወደ ኋላ እናየዋለን።

ሶላቷስ?

ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ነበረባቸው። ስለ ሶላታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነበር የተመለሰላቸው። ቡኻሪ የዘገቡት ይህ ሐዲስ በታማሚ ሶላት ዋናው መሠረት ነው። ከላይ እንዳየነው ኪንታሮት ራሱ የደም ሥር ማበጥ መሆኑን ስናስታውስ መልሱ ለነፍሰ ጡሯ እህታችን ምን ያህል እንደሚቀርብ እንገነዘባለን።

ስለዚህ ፈርድ ሶላትን መቆም የምትችል ትቁም። መቆሙ ከባድ ሕመም የሚያመጣባት ወይም ሕመሟን የሚያብስባት ከሆነ ተቀምጣ ትስገድ፤ ከፊሉን ቆማ ከፊሉን መቀመጥም ትችላለች። ሩኩዕና ሱጁድ የምትችል ከሆነ ትፈጽማቸው፤ ካልቻለች በወንበር ላይ ሆና በምልክት፣ ሱጁዱን ከሩኩዑ ዝቅ አድርጋ ትስገድ። እንደ ተራዊሕ ያለው ሱና ሶላት ደግሞ ከመጀመሪያውም ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደበት ነው። እግሯ አብጦ ለረጅም ሰዓት ቆማ መሰቃየቷ የኢማን መለኪያ አይደለም።

የረመዳን ጾምም እንዲሁ ነው። ለራሷ ወይም ለጽንሷ ጉዳት የምትሰጋ ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል፤ በኋላም ትክሳለች፤ ፊድያን በተመለከተ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ ትጠይቅ። የሰውነት ውኃ ማነስ ደም የመርጋት አደጋን ስለሚጨምር፣ በተለይ ደም ረግቶባት የምታውቅ እናት ረመዳን ሳይገባ ሐኪሟን ታማክር።

ከእነዚህ እንቆጠብ

ያበጠን ሥር በቅቤም ሆነ በቅባት አጥብቆ ማሸት አይገባም። ከውስጥ የረጋ ደም ካለ ሊነቀልና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ዋግምት ወይም ሒጃማም በዚህ ቦታ አይደረግ። "ሒጃማ ሱና ነውና ያበጠውን ሥር ብናስወጋው" የሚሉ ወገኖች አሉ። ሒጃማ በቦታውና በአዋቂ እጅ የሚደረግ ነገር ነው፤ ያበጠ ሥር ላይ ምላጭ ማሳረፍ ግን ለማቆም የሚያስቸግር መድማትና ቁስል ያመጣል። በእርግዝና ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ የሁለት ነፍስ ነው። ሱናን መውደድ ሱናን ያለቦታው ማዋል አይደለም።

ለመርገብ ተብሎ የሚጠጣ ቅጠላ ቅጠል፣ የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻም ሆነ ደም ያቀጥናል የተባለ ክኒን ከሐኪም ምክር ውጭ አይወሰድ።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

ውድ አድማጮች፣ ይህንን ክፍል በተለይ አስተውሉልኝ። በእርግዝና ጊዜ ደም የመርጋት አደጋ ካላረገዘች ሴት ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይጨምራል። ተራው የሥር ማበጥና የረጋ ደም በቀሚስ ሥር አንድ ይመስላሉ፤ ሲታዩ ግን ይለያያሉ።

አንደኛ፣ አንድ እግር ብቻ፣ በብዛትም የግራው፣ በድንገት ካበጠ፣ ባቷ ወይም ጭኗ ካመማት፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ፣ ይህ በጥልቁ ሥር የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እግርን ከፍ አድርጎ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ከታየ፣ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል በደረሰው መኪና ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ካለ ጉዳዩ የደም ሥር ሳይሆን የእርግዝና የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ይህም በዚያው ሰዓት መታየት አለበት።

አራተኛ፣ ያበጠው ሥር እንደ ገመድ ከጠነከረ፣ ከቀላና ከነካካቸው የሚያማት ከሆነ በዚያው ቀን ለሐኪም ትታይ።

አምስተኛ፣ ሥሩ ከተሰነጠቀና ከደማ ወዲያው ትጋደም፣ እግሯ ከፍ ይበል፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳይለቀቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ይጫን፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ።

የረጋ ደም በአልትራሳውንድ ይለያል፤ በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚታከመውም ሄፓሪን በተባለ መርፌ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህ መድኃኒት በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት እንደሚሠራ ሲሰሙ ይደናገጣሉ። ሌላ አማራጭ እንዳለ ሐኪሙን መጠየቅ መልካም ነው። ተተኪ ከሌለ ግን ይህ የዶሩራ ቦታ ነው፤ ሕይወትን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመባቸው ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነውና መርፌውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ሐያእ ከሕክምና አያግድም

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ነገር ግን ሐያእ ራስን ለጥፋት ማጋለጥ ማለት አይደለም። ሴት ሐኪም ወይም አዋላጅ ካለች እሷ ትቅደም። ካልተገኘች ባሏ ወይም መሕረሟ ባለበት፣ የሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ተገልጦ በወንድ ሐኪም መታየት እንደሚፈቀድ ዑለማዎች ገልጸዋል። ባል ሆኖ "እግርሽን ወንድ አያይም" ብሎ የከለከለ ሰው ነገ የሚመጣውን ነገር ያስብ።

የእርግዝና ክትትልም አይዘለል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር እናት ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ መክሯል። በእነዚህ ቀናት ሆዷን ብቻ ሳይሆን እግሯንም ታሳይ።

የአራስ ቤት አልጋ

ከወለደች በኋላ አደጋው ያበቃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ደም የመርጋት አደጋ ከፍ የሚለው ግን በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አራስ ከአልጋ አትውረድ፣ አርባ ቀኗን ተከናንባ ትተኛ የሚል ልማድ አለ። ለአራስ ዕረፍት መስጠት፣ ገንፎውንና አጥሚቱን ማቅረብ የተከበረ ባህላችን ነው። ቀኑን ሙሉ አስተኝቶ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ካልከለከላት በቀር ቶሎ ተነሥታ እቤት ውስጥ በየጊዜው ትራመድ፤ በቀዶ ሕክምና የወለደችም በሐኪሞቿ ምክር እንዲሁ ታድርግ። የኒፋስ ጊዜ ከሶላት ያሳርፋታል እንጂ አልጋ ላይ አያስራትም።

የቤተሰብ ድርሻ

እስካሁን ያልናቸው ምክሮች ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ የሰው እጅ። "እግርሽን ከፍ አድርጊ" የተባለች እናት ጀሪካኑን ማን ይሸከምላት? እንጀራውን ማን ይጋግርላት? ትልልቆቹን ልጆች ማን ያጥብላት? ምክሩ ለሷ ብቻ ተነግሮ ሥራው እንዳለ ከተቀመጠ ምክር አይባልም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ከሳቸው የሚበልጥ ወንድ የለም። ባል ውኃውን ቢቀዳ፣ ከገበያ ቢሸከም፣ ማታ ማታ ትራሱን ከእግሯ ሥር ቢያመቻች ክብሩ አይቀንስም፤ ምንዳው ይጨምራል እንጂ። አማትም "እኛ ስንወልድ እንዲህ አልሆንንም" ከማለት ይልቅ ምራቷን እንደ ልጇ ትያት። ሴት ልጆችና ወንዶች ልጆችም እናታቸውን ማገዝ ከዚሁ ይማሩ። በሉቅማንና በአሕቃፍ ምዕራፎች ቁርኣን የወላጅን ሐቅ ሲያነሳ የእናትን የእርግዝና ድካም አብሮ ማንሳቱን እናስብ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እያንዳንዱ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አንድ ነገር ያድርግ፦ "እግርሽን እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃት፤ ሁለቱንም እግሮቿን በብርሃን ይይላት። እኩል ካበጡና ማታ ብቻ ከሆነ ትራሱ ይቅረብ፣ ሥራው ይከፈል። አንዱ ብቻ ካበጠና ካመማት ግን መኪና ይጠራ።

አላህ ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ይገላግልልን፤ አራሶቻችንን ያጠንክርልን፤ ልጆቻቸውን ሷሊሕ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።